ከባሕር ማዶ መረብ የደረሱ አጥቂዎቻችን

ከሚሴ ውስጥ ሃሪ ኬን ማን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ቶተንሃምን ለቆ ባየርን ሙኒክ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ በቡንደስሊጋው 36 ጎል ማስቆጠሩን የዲኤስቲቪ ቤት ታዳሚ በቃሉ ይናገራል። አንድ እንግሊዛዊ አጥቂ አገሩን ለቆ ጀርመን በመሄዱ ይህን ያህል የምናወራ ሰዎች፣ የራሳችን አጥቂዎች ባሕር ተሻግረው ምን እንደሠሩ ስንጠየቅ ግን ወሬው ይቆራረጥብናል። አንዱ የሳላዲንን ፍጹም ቅጣት ምት ያነሳል፤ ሌላው የአቡበከርን 29 ጎል። ሦስተኛው “ህንድ ሄዶ የነበረ አንድ ልጅ ነበር” ይልና ስሙ ይጠፋበታል።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ታሪክ ቁርጥራጮች ናቸው። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ሲያዩት አንድ ነገር ደጋግሞ ይወጣል፦ ጎል የሚያገባ ልጅ ያጣንበት ጊዜ የለም። የጎደለው ያንን ልጅ የሚያይ ዓይን ነበር። ዓይን በተገኘ ቁጥር በሩ ተከፍቷል፤ ዓይኑ ሲነሳ ተዘግቷል።

ከ1954 እስከ 1966 ዓ.ም፦ አገር ቤት የቀረ ትውልድ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተካሄደ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ተክሌ ኪዳኔና አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለቴ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና ዋንጫው በ4 ለ 2 ውጤት አዲስ አበባ ቀረ። መንግሥቱ በውድድሩ 3 ጎል አስቆጥሮ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አስቆጣሪነቱን ተጋራ።

በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ምርጥ አጥቂዎች አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ታዲያ ለምን አውሮፓ አልገባም? መልሱን ለማግኘት ከአንድ ኮትዲቯራዊ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሎራን ፖኩ በ1960 ዓ.ም አዲስ አበባና አስመራ ባስተናገዱት የአፍሪካ ዋንጫ 6 ጎል አግብቶ ኮከብ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሱዳን ላይ በእኛው ቡድን ላይ ብቻ በአንድ ጨዋታ 5 ጎል አስቆጠረ፤ ተጋጣሚዎቹ 6 ለ 1 ተለያዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረንሳዩ ሬን ወሰደው። ከእሱ በፊት ማሊያዊው ሳሊፍ ኬይታ ሴንት ኤቲየን ገብቶ ነበር፤ ሞዛምቢክ የተወለደው ኢዩሴቢዮ ደግሞ ለቤንፊካና ለፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን ይጫወት ነበር።

የፈረንሳይና የፖርቱጋል ክለቦች ዓይናቸውን የጣሉት በያዟቸውና ይዘዋቸው በነበሩ አገሮች ላይ ነው። ቋንቋው አንድ ነው፤ የመርከቡና የአውሮፕላኑ መስመር ተዘርግቷል፤ ወረቀቱ ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ቅኝ ስላልተገዛች የእሷን ልጅ ለማየት የሚመላለስ የአውሮፓ ክለብ አልነበራትም። በነፃነታችን የምንኮራውን ያህል፣ በኳሱ ገበያ መንገድ የሚጠርግልን እንዳልነበረ ማወቅም ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከራሳችን ቤት የመጣ ነው። የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ በ1964 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆኑ። ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ጎል አዳኝ የነበሩት ይድነቃቸው፣ የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መፍለሱን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በእሳቸው እምነት አህጉሩ የራሱን ኳስ ማሳደግ ያለበት በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ልጆች ነው። በአፍሪካ ዋንጫም አንድ አገር ከሁለት በላይ ውጭ የሚጫወቱ ልጆችን ማሰለፍ የማይችልበት ደንብ ለዓመታት ጸንቶ ቆይቷል። ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። አፓርታይድን ከአፍሪካ ኳስ ያስወጡና ለአህጉሩ ክብር የተሟገቱ ሰው ናቸው፤ የፈሩትም አልቀረም፣ ዛሬ የአፍሪካ ሊጎች ምርጥ ልጆቻቸውን ሳይጠግቧቸው ያጣሉ። ብቻ የእኛ አጥቂዎች መሄድን እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ክህደት ባዩ ሰዎች መካከል ማደጋቸው እውነት ነው።

ከ1967 እስከ 1989 ዓ.ም፦ መሄድ መኮብለል ሲሆን

ደርግ ሲመጣ በሩ ጨርሶ ተዘጋ። ክለቦች በመሥሪያ ቤትና በጦር ክፍል ዙሪያ ተደራጁ፤ ከአገር ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ዘመን ውጭ አገር የቀረ ተጫዋች ተዛወረ አይባልም፤ ጠፋ፣ ኮበለለ ነው የሚባለው። የ1954ቱ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ራሱ አገሩን ጥሎ ጣሊያን ገባ።

በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ብዙ ነገር ያሳያል። ቡድናችን በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ተለያየ። አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ ወዲያ ወደዚህ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። ውጭ የሚጫወቱ ልጆችን ቁጥር የሚገድበው ደንብ የተነሳውም በዚያው ዓመት ነበር። ሌሎቹ አገሮች ልጆቻቸውን ከፈረንሳይና ከቤልጅየም መጥራት ሲጀምሩ እኛ የምንጠራው አልነበረንም።

ከአገር የወጡት የት ገቡ? ብዙዎቹ አሜሪካ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሂዩስተን ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ውድድር፣ ሌሎች አገሮች ቢሆኑ ክለብ የሚሻሟቸው ልጆች ከሥራ በተረፈ ሰዓታቸው ይጫወቱ ነበር። እግራቸው ሳይደክም ሙያቸው አበቃ። ይህን ትውልድ ሳስብ ያንገበግበኛል፤ የኳስ ታሪካችን ስሙን እንኳ በወጉ አልመዘገበለትም።

ከ1990 እስከ 2002 ዓ.ም፦ የመን፣ ከዚያም ደቡብ አፍሪካ

በ1990 ዓ.ም ብሔራዊ ሊጉ በአዲስ መልክ ተጀመረ። ከዚህ በኋላ የተከፈተው የመጀመሪያው የውጭ በር፣ ለእኛ ለከሚሴና ለአካባቢው ሰዎች ከማንም በላይ የቀረበ ነው፦ የመን። ከባቲም ከዳዋ ጨፋም የተነሳ ወጣት በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ለመግባት የሚያቋርጠውን ባሕር፣ በዚያው ዘመን ኳስ ተጫዋቾቻችንም በአውሮፕላን ተሻገሩት። የየመን ክለቦች አዲስ አበባ ከሚከፈለው የተሻለ ደመወዝ ይሰጡ ነበር። በመብራት ኃይል ማሊያ የሊጉ ኮከብ ግብ አስቆጣሪ የነበረው ዮርዳኖስ ዓባይ ከተሻገሩት ስመ ጥሮች አንዱ ነው። የየመን ሊግ ግን የሚታይ ሊግ አልነበረም። እዚያ ያገባ አጥቂ ጎሉን ሰንዓ ወይም ታዒዝ ያለ ተመልካች እንጂ ሌላ ሰው አያየውም፤ ስለዚህ ከየመን ወደ ላቀ ሊግ የሚወስድ ደረጃ አልተሠራም።

ለውጥ የመጣው ከደቡብ ነው። የደቡብ አፍሪካ ፕሪሚየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን ጋር ትልቅ የስርጭት ውል ሲፈርም የአህጉሩ ሀብታም ሊግ ሆነ፤ ከየአገሩ አጥቂ ይፈልግም ጀመር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ የወጣው ፍቅሩ ተፈራ ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ኦርላንዶ ፓይሬትስ ገብቶ ነበር። ከዚያ የፕሪቶሪያው ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ወሰደው። አሠልጣኙ ጋቪን ሃንት በ3 ተከታታይ ዓመት የሊጉን ዋንጫ ያነሳ ቡድን እየሠራ ነበር። ፍቅሩ ሲበዛ ጉልበተኛ፣ ተከላካይ የማያስተኛ አጥቂ ነው፤ ጎል ሲያገባ በአየር ላይ ይገለበጣል። ቼክ ሪፐብሊክ ሄዶ ለምላዳ ቦሌስላቭ ተጫወተ፤ ፊንላንድም ቬትናምም ደረሰ።

ዝርዝሩን ሲያነቡት የተበታተነ ይመስላል። ብቻውን የሄደ ሰው መንገድ እንዲህ ነው። ከፊቱ ሄዶ “ይህን ክለብ እመን፣ ያንን ውል አትፈርም” የሚለው ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱን በር ያንኳኳው ራሱ ነው።

አገር ቤት ደግሞ ነገሩ ይበላሽ ነበር። የፌዴሬሽን አመራር ውዝግብ ጦዞ ፊፋ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ ኢትዮጵያን አገደ። ብሔራዊ ቡድኑ ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዘ። እገዳው የተነሳው ከዓመት በኋላ ነው። አንድ አጥቂ 20 እና 22 ዓመት ሲሞላው የሚታይበት መድረክ ብሔራዊ ቡድኑ ነውና፣ ያ ዓመት የስንቱን ልጅ ዕድል እንደበላ መገመት አያዳግትም።

ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም፦ የሳላዲን ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊሱ ሳላዲን ሰይድ ካይሮ ገብቶ ለዋዲ ደግላ የፈረመው ግብፅ በአብዮት በምትናጥበት ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ ፖርት ሳይድ ስታዲየም ውስጥ ከ70 በላይ ደጋፊዎች ሞቱና የግብፅ ሊግ ተቋረጠ። ሳላዲንን ከዚህ ያዳነው የክለቡ ባለቤትነት ነው፦ የዋዲ ደግላ ባለሀብት የቤልጅየሙን ሊርስንም ይዞት ነበር። በዚህ መስመር ሳላዲን ቤልጅየም ገባ። መንግሥቱ ወርቁ ያላገኘውን የአውሮፓ መንገድ ለሳላዲን የከፈተው፣ ሁለት ክለብ የያዘ አንድ ግብፃዊ ነጋዴ ነበር።

በብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ የሠራው ደግሞ ከክለቡም ይበልጣል። በ2004 ዓ.ም የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ ላይ ባፋና ባፋናን አስጨንቆ 1 ለ 1 የወጣንባትን ጎል ያገባው እሱ ነው። በሳምንቱ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ሁለቱም የእሱ ነበሩ። ለአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም በመልሱ ጨዋታ አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን፣ ሳላዲን ሁለተኛውን አገቡ። ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው 3 ጎሎች ብልጫ 31 ዓመት የተዘጋው በር ተከፈተ። ያን ዕለት አዲስ አበባ ብቻ አይደለችም ያበደችው፤ ከጎንደር እስከ ሞያሌ መንገዱ ሁሉ የሰው ጎርፍ ነበር።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ዋንጫውን ባነሳንበት ዕለት ልክ በ51 ዓመቱ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ኔልስፕሩይት ላይ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ገጠሙ። ስታዲየሙ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተጥለቅልቋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቅ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን ሌሊቱን ተጉዘው መጥተዋል፤ ቩቩዜላው ጆሮ ያደነቁራል። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ኳሷን ያስቀመጠው ሳላዲን ነው። የዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬነዲ ምዊኔ አዳናት። ወዲያው የእኛ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አጋማሹ ሊያልቅ ሲል አገባች። በ10 ሰው ሁለተኛውን አጋማሽ የጀመረው ቡድን ግን አልተንበረከከም፤ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን። በአፍሪካ ዋንጫ ከ30 ዓመት በላይ ያላየናት ጎል ነበረች። ሳላዲንን በዚያች ምት ብቻ የሚያስታውስ ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ያደረሰን እሱ ነውና።

ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ግን ቀጥሎ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። አቻ ያደረገን የዲላው ልጅ ጌታነህ ከበደ ነው፤ ሁለተኛዋን ቀድሞ ለአገሩ ያገባው በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠራት። ቦትስዋና ላይ ቅጣት የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ኖሮ 3 ነጥብ ተቀነሰብን፤ በጳጉሜን መካከለኛው አፍሪካን ብራዛቪል ላይ አሸንፈን ምድቡን ግን በአንደኛነት ጨረስን።

ብራዚል ለመግባት የቀረው ናይጄሪያ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሳላዲን ኳስ መስመር አልፋለች አላለፈችም የሚለው ክርክር ዛሬም አልሞተም። ዳኛው አላጸደቁትም። በኃይሉ አሰፋ ቢያገባም የናይጄሪያው ኤመኒኬ ሁለት አግብቶ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተደገመ።

ዓለም ዋንጫ ባንገባም በእነዚያ ሁለት ዓመታት የታየው አልጠፋም። ጌታነህ ደደቢትን ሻምፒዮን ካደረገ በኋላ የጆሃንስበርጉን ቢድቬስት ዊትስ ተቀላቀለ፤ አሠልጣኙ ፍቅሩን የሚያውቀው ያው ጋቪን ሃንት ነበር። ሳላዲን በ2006 ዓ.ም ክረምት የአፍሪካ ባለብዙ ዋንጫ ክለብ ወደሆነው አል አህሊ ተዛወረ። የጋምቤላው ልጅ ኡመድ ኡኩሪ የአሌክሳንድሪያውን አል ኢትሃድ ያዘ። አማካዩ ሽመልስ በቀለም በሱዳንና በሊቢያ አልፎ ግብፅ ላይ ስሙን ተከለ።

ከ2007 እስከ 2012 ዓ.ም፦ ከኮልካታ እስከ ማልታ

ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም የህንድ ሱፐር ሊግ የሚባል አዲስ ውድድር ኮልካታ ሶልት ሌክ ስታዲየም ተከፈተ። ከዓለም ዋንጫ አሸናፊዎች እስከ ቀድሞ የባርሴሎናና የአርሴናል ተጫዋቾች ለአዲሱ ሊግ ተሰብስበዋል። በ27ኛው ደቂቃ አትሌቲኮ ኮልካታ በሙምባይ ሲቲ ላይ አገባ። የሊጉ የታሪክ የመጀመሪያዋ ጎል ናት፤ ያገባትም ፍቅሩ ተፈራ ነው። እንደ ልማዱ በአየር ላይ ተገለባበጠ። ኮልካታ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ፍቅሩ ወደ ቼናይይን ተዛወረ፤ አሠልጣኙ የጣሊያኑ ማርኮ ማቴራዚ ነበር፤ ዋንጫው ደግሞ የቼናይይን ሆነ። “ህንድ የሄደው ልጅ” ይኸው ነው፤ ህንዶች ስሙን ከእኛ ይልቅ አሳምረው ያውቁታል።

የሌሎቹ ዕድል ግን ጠበበ። ሳላዲን በአል አህሊ አልሰነበተም፤ ወደ አልጄሪያው ሙሉዲያ አልጀርስ ሄዶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ። ጌታነህም ተመልሶ በ2009 ዓ.ም በደደቢት 25 ጎል አስቆጠረ። በሊጉ ይህን ያህል የሚያገባ ሰው ውጭ ያልተሳካለት ጎል ስለጠፋው አይመስለኝም። ብሔራዊ ቡድኑ ከትልቅ መድረክ ርቆ ስለነበር አዲስ ተመልካች የሚያመጣ አልነበረም።

በዚህ ዝምታ መሃል ነው ከከምባታ ዱራሜ የመጣችው ሎዛ አበራ የወጣችው። በደደቢት ጎል በጎል ላይ ስትደራርብ የቆየችው አጥቂ መጀመሪያ ስዊድን፣ ኩንግስባካ ገባች። ከዚያ ማልታ ወርዳ በ2012 ዓ.ም የውድድር ዓመት ለቢርኪርካራ 30 ጎል አስቆጠረች፤ ክለቧም ሻምፒዮን ሆነ። የማልታ ሊግ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ በየትኛውም ሊግ 30 ጎል 30 ጎል ነው።

ከ2013 ዓ.ም ወዲህ፦ ካሜራው ሲገባ

በ2013 ዓ.ም የመጣው ለውጥ ከሜዳ ውጭ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የስርጭት መብቱን ለ5 ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለመልቲቾይስ ሸጠ። የደቡብ አፍሪካን ሊግ ሀብታም ያደረገው ያ ካሜራ ጅማና ባህር ዳር ሜዳ ገባ። የከሚሴ ዲኤስቲቪ ቤትም ማንቸስተርን በሚያሳይበት ስክሪን ፋሲል ከነማንና ኢትዮጵያ ቡናን ማሳየት ቻለ።

ካሜራው የመጀመሪያ ዓመት ያገኘው የ20 ዓመቱን አቡበከር ናስርን ነው። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ባልተካፈሉበት፣ አንድ ቡድን 24 ጨዋታ ብቻ ባደረገበት ዓመት አቡበከር ለቡና 29 ጎል አስቆጠረ። የጌታነህን 25 አልፎ የሊጉን ክብረ ወሰን ያዘ። ዋንጫውን ወደ ጎንደር የወሰደው ፋሲል ከነማ ሲሆን፣ የፋሲሉ አጥቂ ሙጂብ ቃሲምም የአልጄሪያውን ጄኤስ ካቢሊ ተቀላቀለ፤ ቆይታው ግን አጭር ነበር።

በ2014 ዓ.ም መኸር ጦርነቱ እኛው ደጅ ደረሰ። ከሚሴ በውጊያው ተይዛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው ነፃ የወጣችው። ሰው ቤቱ ተመልሶ ስብርባሪውን ሳይጠርግ በጥር ዋልያዎቹ ካሜሩን ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ተሰለፉ። በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአስተናጋጇ 4 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ጎሏ የጌታነህ ፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። በዚያው ሰሞን የአቡበከር ዝውውር ይፋ ሆነ፦ የፕሪቶሪያው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ።

ማጣሪያ የምናደርግበት ሜዳ ግን አልቀረልንም። በ2012 ዓ.ም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፍንበት የባህር ዳር ስታዲየም ሳይቀር የካፍን መስፈርት አላሟላም ተባለ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው “በሜዳችን” የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ጎሎች የአገራቸው ሰው ያያቸው በቴሌቪዥን ነው።

አቡበከር ሰንዳውንስ ገብቶ ብዙም ሳይጫወት ጉዳት ደጋግሞ መታው፤ ምርጥ ሊሆኑ የሚገባቸውን ዓመታት ከሜዳ ይልቅ በሕክምና አሳለፋቸው። በእሱ ቦታ ሆኖ የሚተካ ሌላ ኢትዮጵያዊ አጥቂ ሰንዳውንስ አልወሰደም። ሎዛ በበኩሏ ለንግድ ባንክ ስትጫወት ቆይታ በ2016 ዓ.ም ክረምት ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈረመች፤ ክለቡም የሚጫወትበት ሊግም ገና የመጀመሪያ የውድድር ዓመታቸውን ሊጀምሩ ነበር።